የሲሚንቶ ቀለም፤ ከገላው ወይስ ከልብሱ?

ሲሚንቶ በባሕርዩ ግራጫ ነው። ግራጫነቱም በአብዛኛው በጥሬ ዕቃው ውስጥ ካለው ብረትና ማንጋኒዝ የሚመጣ ነው። እነዚህ የሌሉበት ድንጋይ ተመርጦ የሚሠራው ነጭ ሲሚንቶ ዋጋው ከፍ ያለ በመሆኑ፣ ከተማውም ገጠሩም የሚገነባው በግራጫው ነው። ይህን ግራጫ ገላ ለማስዋብ የሚነሣ ሰው የሚቀርብለት ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ቀይ ይሁን፣ ቢጫ ይሁን፣ አረንጓዴ? ሥራውን በእጁ የሚያውቅ ሰው ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ቀለሙ የት ይቀመጥ? ከገላው ጋር አብሮ ይቡካ፣ በርጥቡ ቆዳው ላይ ይነስነስ፣ ከደረቀ በኋላ ወደ ውስጥ ይስረግ፣ ወይስ እንደ ልብስ ከላይ ይደረብለት? የወለል፣ የበረንዳ፣ የአደባባይና የሐውልት መቆሚያ ውበት ዕድሜው የሚወሰነው በዚህ ሁለተኛው ጥያቄ መልስ ነው።

ጥያቄው የመሐንዲስ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። የኢትዮጵያ የእጅ ጥበብ ሲሚንቶ ከመምጣቱ በፊት ሲመልሰው የኖረ ነው። ሸማኔ ጥለት ሲጥል ቀለሙ ከድርና ማጉ ጋር አብሮ ይሸመናል፤ ኩታው እስኪያልቅ ጥለቱ አብሮ ይኖራል። ጥልፍ ግን ጨርቁ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በላዩ የሚወጣ ጌጥ ነው። ስፌት የምትሰፋ ሴት አክርማዋን አስቀድማ በቀለም ነክራ አለላ ታደርጋለች እንጂ መሶቡን ሰፍታ ከጨረሰች በኋላ አትቀባውም። እንሶስላ የሞቀች ሙሽራ ቀለሙ ከቆዳዋ ጋር ተዋሕዶ ለሳምንታት ይቆያል፤ የተኳለችው ኩል ግን በማግስቱ ታጥቦ ይሄዳል። የሲሚንቶ ማቅለሚያ ዘዴዎች በየመጽሐፉ የቱንም ያህል የረቀቀ ስም ቢሰጣቸው፣ ከእነዚህ ከጥለት፣ ከእንሶስላና ከኩል ዘመድነት የሚወጡ አይደሉም።

ሮቢት በሰሜን ወሎ፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ጎብዬ ታልፎ ቆቦ ሳይደረስ የምትገኝ ከተማ ናት። በስተ ምዕራብ የላስታ ደጋ፣ በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራሮች ያጠሩት የራያ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ተዘርግቷል። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። በበጋ ከማሽላው እርሻ የሚነሣው አቧራ በየቤቱ ይገባል፤ በክረምት ደግሞ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ደለል ተሸክሞ ሜዳውን ያለብሰዋል። በዚህ ቦታ ለሚሠራ ባለቀለም ወለል ፀሐዩ፣ ነፋሱና በሰው እግር ሥር የሚፈጨው አሸዋ ሦስት ጠላቶች ናቸው። አዲስ አበባ በጥላ ሥር የሚያምር ሁሉ ሮቢት ላይ አያምርም።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት በሰሜን ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋል። መጠገኑ ገንዘብም ጉልበትም የሚጠይቅ ነው። በሮቢት በአንድ ትምህርት ቤት የንባብ ክፍሉና ከፊቱ ያለው በረንዳ ወለላቸው እንዲታደስ ሲወሰን፣ ወጪውን ለመሸፈን የወላጆች መዋጮ ተሰበሰበ። መዋጮው የተሰበሰበው ማሽላ ከተወቃ በኋላ ነው፤ አንዳንዱ ወላጅ በብር ፈንታ እህሉን አምጥቷል። ክፍሉና በረንዳው በድምሩ 60 ካሬ ሜትር ስፋት አለው። ሥራው የተሰጣቸው ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ፣ ሊሾ በማውጣት በአካባቢው የታወቁ ግንበኛ ናቸው። የሥዕል መምህርቷ ደግሞ አንድ ሐሳብ አቀረበች፤ በክፍሉ መካከል፣ ሕፃናቱ ተሰብስበው በሚቀመጡበት ስፍራ፣ ወርዱ 2 ሜትር የሆነ የመሶብ ክዳን ጌጥ በወለሉ ላይ ይሠራ የሚል። እናቶቻቸው በእጃቸው የሚሠሩት ጥበብ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ሥፍራ እንዲያገኝ ፈልጋ ነበር።

ኮሚቴው ሐሳቡን ወደደው። የተለያየው በአሠራሩ ነው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ግራጫው ሊሾ ወጥቶ በላዩ የዘይት ቀለም እንዲቀባ አሳሰበ። ርካሽ ነው፣ በሁለት ቀን ያልቃል፣ የፈለጉትን ቀለም ያገኛሉ። መምህርቷም በመጀመሪያ ወደዚሁ አዘነበለች።

«ጋሼ፣ ሊሾውን እርስዎ ካወጡልን ጌጡን እኔ በብሩሽ ብሠራው ምን ይለዋል?»

«ልጄ፣ ያንቺ ብሩሽ ግድግዳ ላይ ይመርልሽ። ወለል ይረገጣል።»

አነጋገራቸው ቁጥብ ቢሆንም ምክንያታቸው የተሟላ ነበር። አዲስ ሲሚንቶ በውስጡ ብዙ ነፃ ኖራ ይዟል። ኖራው የዘይት ቀለምን ሲያገኝ ዘይቱን ወደ ሳሙና ይለውጠዋል፤ ቀለሙም ይላላል። ከምድር የሚወጣው እርጥበት ደግሞ መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ከሥሩ ይገፋዋል። በብረት ተጠፍጥፎ የለሰለሰ ሊሾ ቀለም የሚጨብጥበት ሻካራ ነገር የለውም። በዚህ ሁሉ ላይ የልጆች እግር ከበረንዳው ያመጣው አሸዋ ሲጨመር፣ በመጀመሪያው ዓመት በበሩ አጠገብና በመተላለፊያው ላይ ግራጫው ይገለጣል። ኢፖክሲ የሚባለው ጠንካራ ቀለም ይሻላል፤ መጋዘንና ሐኪም ቤት ውስጥ ጥሩ ያገለግላል። ነገር ግን ፀሐይ በቀጥታ ሲያገኘው ይቢጫልና ይነጣል፤ ግማሹ በረንዳ ለሆነ ሥራ አይመችም። ቀለም ቅብ ጥፋት የለበትም፤ ቦታው ሳይታወቅ ሲቀር ነው ጥፋት የሚሆነው።

ለዚህ ከሮቢት ሩቅ ሳይኬድ ምስክር ይገኛል። ተራራውን ወደ ምዕራብ ተሻግረው የሚያገኟቸው የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት፣ መልካቸው የተገኘው ከተፈለፈሉበት ቀላ ካለው የእሳተ ገሞራ ዐለት ነው። ዝናብ በዘመናት ሲያጥበው፣ የምእመናን እግርና እጅ ሲዳስሰው፣ ከላዩ የሚነሣው የዚያው የዐለቱ ቅንጣት ስለሆነ ከሥሩ የሚገለጠው ያው ቀይ ዐለት ነው። ሥዕልም አለ፤ በቤተ ማርያም ውስጥ። ሥዕሉ ግን ያለው ከዝናብና ከእግር በራቀው በውስጡ ግድግዳና ጣሪያ ላይ ነው። የጥንቶቹ ጠቢባን የገላንና የልብስን ቀለም ሥፍራ ለይተው እንደ ነበር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማምጣት ያስቸግራል።

የዘይት ቀለሙ ሐሳብ ከወደቀ በኋላ የመጣው ሐሳብ ከአንዲት እናት ነው። እኒህ እናት በወጣትነታቸው የጭቃ ቤት ግድግዳ በእበትና በአመድ፣ እንደ ወቅቱም ከተራራ ሥር በሚያመጡት ቀይ አፈር ሲለስኑ የኖሩ ናቸው። «ቀይ አፈሩን ከሲሚንቶው ጋር ለምን አታቦኩትም?» አሉ። ስብሰባው ሳቀ። መሳቁ ተገቢ አልነበረም። ሴትዮዋ የተናገሩት የባለቀለም ሲሚንቶን መሠረተ ሐሳብ ነበርና። የአፈሩ ቅላት ዝገት ነው፤ የብረት ኦክሳይድ ነው። ፋብሪካ የሚያመርተው ቀይ የሲሚንቶ ቀለምም ያው የብረት ኦክሳይድ ነው። ቢጫውም ጥቁሩም ከብረት የሚወለዱ ወንድማማቾች ናቸው። ልዩነቱ አፈሩ ከብረቱ ይልቅ የሸክላ ጭቃ የበዛበት መሆኑ ነው፤ ጭቃ ደግሞ ውሃ ይጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ የሲሚንቶን ጥንካሬ ይቀንሳል። ግንበኛው ግን ሳይሞክሩ አልተዉትም። አፈሩን አጥበው፣ አስግገው፣ በአንድ ትንሽ ናሙና ውስጥ ጨመሩት። ናሙናው ሲደርቅ መልኩ ፈዘዝ ያለ፣ ጠርዙም በጥፍር የሚፈረፈር ሆኖ ተገኘ። እኒያ እናት ናሙናውን በእጃቸው አገላብጠው አይተው፣ «ግድግዳ ላይ ነበር የለመደው» ብለው መለሱት።

መምህርቷ በበኩሏ ለአለላ የሚሆነውን የገበያ ቀለም ሞከረች። አረንጓዴውና ወይን ጠጁ በእርጥቡ ሲሚንቶ ውስጥ እጅግ አምረው ታዩ። በሳምንቱ ግን ከስመው ግራጫው ተመለሰ። የሲሚንቶ ኖራ ለሣርና ለክር የተሠራን ቀለም የሚያጠፋ ኃይለኛ ነገር ነው። በኬሚስትሪ ትምህርት ፕሩሲያን ብሉ እየተባለ የሚታወቀው ሰማያዊ እንኳ ኖራ ያለበት ቦታ አይበረክትም። ኖራንም ፀሐይንም ችሎ የሚኖር አረንጓዴ ከክሮሚየም ኦክሳይድ፣ ሰማያዊ ከኮባልት የሚሠራ ነው፤ ሁለቱም ከብረቱ ቀለም ብዙ እጥፍ ውድ ናቸው።

«ጋሼ፣ ያለ አረንጓዴ ምን መሶብ ይሆናል?»

«አሁን ባለን ብር ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር አለ። ነጩን ከነጭ ሲሚንቶ አወጣልሻለሁ። አረንጓዴ ከፈለግሽ ልጆቹ እዚያ ላይ ተቀምጠው ያዩታል፤ በመስኮቱ ማሽላው አለ።»

መምህርቷ በዚህ መልስ አልረካችም፤ ለሁለት ቀንም ከግንበኛው ጋር በቅጡ አልተነጋገረችም። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። የመሶብ ጌጥ ሕይወቱ በቀለማት ፍጭት ነው፤ ከመካከላቸው አንዱን ማውጣት ቅኝቱን መለወጥ ነው። በሌላ በኩል በሁለት ዓመት ውስጥ የሚከስም አረንጓዴ በእህል መዋጮ የተሠራን ሥራ በሕዝብ ፊት ያዋርዳል።

በዚሁ መካከል ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ የወላጅ ዘመድ በአሲድ ስለሚቀለም ወለል ነገራቸው። ይህ ዘዴ በእውነቱ ማራኪ ነው። የብረት፣ የመዳብ ወይም የማንጋኒዝ ጨው በሐይድሮክሎሪክ አሲድ ተበጥብጦ በደረቀው ሲሚንቶ ላይ ሲረጭ፣ ከነፃው ኖራ ጋር ተዋሕዶ ቆዳውን ያቀልመዋል። እንሶስላ ማለት ይህ ነው። እንደ እብነ በረድ ደመና ደመና የሚል፣ በአንድ ወለል ላይ ሁለት ቦታ የማይመሳሰል መልክ ይሰጣል፤ አይላጥም። ነገር ግን የሚሰጠው ቀለም ቡናማ፣ ዳማና ሰማያዊ ቀመስ አረንጓዴ ነው፤ የደመቀ ቀይና ቢጫ የለውም። ወለሉ በብረት አብዝቶ ከለሰለሰ አሲዱ አይሰርግም። ከተቀለመም በኋላ አሲዱ በሶዳ መርከስ፣ ወለሉም በብዙ ውሃ መታጠብ አለበት፤ የሚታጠበውም ውሃ ወደ ጓሮው አትክልት መሄድ የለበትም። ሠራተኛው ለዓይኑ መነጽር፣ ለእጁ ጓንት፣ ለመተንፈሻው መከለያ ያስፈልገዋል። ግንበኛው የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ቢሳሳቱ ይመለሳል ወይ? አይመለስም። ውሃ በጀሪካን በሚቀዳበት ሰሞን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሊሠራ የሚችል ገንዘብ በተያዘበት ሥራ ላይ ይህ መልስ በቂ ነበር።

ስለዚህ የቀረው ጥለቱ ሆነ፤ ቀለሙን ከሲሚንቶው ጋር ማቡካት። ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። የፖርትላንድ ሲሚንቶ የፈጠራ መብት በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1824 ከተሰጠ በኋላ፣ በዚያው ክፍለ ዘመን በፈረንሳይና በስፔን ባለቀለም የሲሚንቶ ንጣፍ ተስፋፋ። በአሜሪካም ስኮፊልድ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ የሲሚንቶ ቀለም ሲሠራ ቆይቷል። ለሮቢት ከሁሉም የሚቀርበው ምሳሌ ግን የደቡብ ሕንድ ነው። በኬራላ ተራው ሕዝብ የቤቱን ወለል ሲሚንቶ፣ አሸዋና ቀይ የብረት ኦክሳይድ አቡክቶ ያወጣዋል፤ በብረት እያሸ ያለሰልሰዋል፤ ለቀናት ውሃ ያቁርበታል፤ ከዚያም በኮኮነት ዘይት ይወለውለዋል። በባዶ እግር የሚረገጠው ይህ ወለል እያደር ያብረቀርቃል እንጂ አያረጅም። አገሩ ሞቃት ነው፣ ሕዝቡም ባለጠጋ አይደለም። ውበት የፋብሪካ ዕቃ የሚጠይቅ ለሚመስላቸው የግንባታ ሰዎች ይህን ወለል ማሳየት ይጠቅም ነበር።

ይሁንና ማቡካትም ሁለት መንገድ አለው፤ ልዩነቱን የሚያሳየው ቁጥር ነው። የቀለሙ ዱቄት ልኩ የሲሚንቶው ክብደት 5 በመቶ ያህል ነው፤ በአንድ የ50 ኪሎ ከረጢት 2 ኪሎ ተኩል ማለት ነው። ከ6 በመቶ በላይ ቢጨመር መልኩ እምብዛም አይደምቅም፤ ከ10 በመቶ ካለፈ ደግሞ ሲሚንቶው ይዳከማል። 60 ካሬ ሜትሩ በሙሉ በ5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለቀለም ሆኖ ቢፈስ 3 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ በአንድ ሜትር ኩብ 350 ኪሎ ሲሚንቶ ሲታሰብ 1,050 ኪሎ፣ ማለትም 21 ከረጢት ይፈጃል። ቀለሙ 52 ኪሎ ተኩል ይሆናል። የታችኛው 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ግራጫ ሆኖ፣ እርጥብ ሳለ በላዩ 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ባለቀለም ድርብ ቢወጣበት ግን፣ ድርቡ 0.9 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። በሲሚንቶ የበለጸገ፣ በሜትር ኩብ 450 ኪሎ የገባበት ቢሆን እንኳ ሲሚንቶው 405 ኪሎ፣ ቀለሙም 20 ኪሎ ገደማ ነው። ዱቄቱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ለሚመጣበት ከተማ ይህ ታላቅ ልዩነት ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ደግሞ የልጆች እግር በአንድ ትውልድ ውስጥ አይጨርሰውም።

ሌላ መንገድም ታስቦ ነበር፤ ቀለሙን ከሲሚንቶና ከደቃቅ አሸዋ ጋር ደርቆ በተቀላቀለ ዱቄት መልክ በእርጥቡ ወለል ላይ መነስነስ። ሊሾ አውጪዎች ግራጫ ሲሚንቶ ነስንሰው ሲያለሰልሱ የሚሠሩት የዚሁ ዘዴ ታናሽ ወንድም ነው። በደንብ ከተሠራ ቆዳው እጅግ ጠንካራ ይሆናል። በካሬ ሜትር 3 ኪሎ ያህል ዱቄት ይፈልጋል፤ በሁለት ዙርም ይነሰነሳል፤ የወለሉ ላብ ሳይደርቅ ከተነሰነሰ ቆዳውን ያላላዋል፣ ዘግይቶ ከተነሰነሰም አይያያዝም። በሮቢት ግን ከረፋዱ በኋላ የሚነሣው ነፋስ ዱቄቱን ከበረንዳው ላይ ጠራርጎ ጎረቤት ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። ግንበኛው ይህን ሲናገሩ ኮሚቴው የሳቀው በትክክለኛው ቦታ ነበር።

የመሶቡ ጌጥስ? በአንድ ጊዜ በሚፈስ ወለል ላይ አራት ቀለም መለየት የማይቻል ነገር ነው። መፍትሔው የተገኘው ከዚያው ከአሮጌው የሲሚንቶ ንጣፍ አሠራር ነው። ፋብሪካው በብረት ቅርጽ ውስጥ በመከፋፈያ ለይቶ ቀጭን ባለቀለም ሲሚንቶ ያፈሳል፤ መከፋፈያውን አንሥቶ በጀርባው ደረቅ ያለ ሲሚንቶና አሸዋ ይነሰንሳል፤ በመጭመቂያ ይጨምቀዋል። እሳት አይነካውም። ቀለሙ ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ይይዛል። በሮቢት መጭመቂያ የለም፤ ቆርቆሮ ቆርጦ መከፋፈያ የሚሠራ ብረታ ብረት ሠራተኛ ግን አለ። ወርዱ 2 ሜትር የሆነውን ክብ የሚይዘው ካሬ በ20 በ20 ሴንቲ ሜትር ንጣፍ ሲከፈል 100 ንጣፍ ይሆናል። መምህርቷ እያንዳንዱን በካሬ ወረቀት ላይ ነድፋ ቁጥር ሰጠችው። ከኩርፊያ የወጣችውም በዚህ ሥራ ነው፤ ንድፉ በአራት ቀለም እንዲናገር ስትደክም፣ አረንጓዴው የነበረበትን ሥፍራ ለጥቁሩ ሰጥታ ቢጫው ከጥቁሩ አጠገብ እንደሚጮህ አገኘች።

ናሙና ሳይታይ ወደ ሥራ አልተገባም። በ30 በ30 ሴንቲ ሜትር ቅርጽ ስድስት ናሙና ተሠርቶ፣ ሦስቱ በፀሐይ፣ ሦስቱ በጥላ ሥር 28 ቀን ቆየ። ሲሚንቶ ርጥብ ሳለ የሚያሳየው መልክ ሐሰተኛ ነውና። ከዚህ ሙከራ የተገኘው ትምህርት ከዱቄቱ ዓይነት ይልቅ ስለ ውሃው ነበር። ውሃ የበዛበት ናሙና በቀለም ልኩ ሳይለይ ገርጥቶ ወጣ። ቀለሙን በእፍኝ የለካ ረዳት የሠራቸው ሁለት ናሙናዎች እኅትማማች አልመስል አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሁሉ በሚዛን ሆነ። አንዱ ናሙና ደግሞ ፊቱ ላይ ነጭ ጨው አወጣ። የኮሚቴው አባላት ዱቄቱ የተበላሸ መስሏቸው ተጨነቁ። ነገሩ ሌላ ነው፤ በሲሚንቶው ውስጥ ያለው ኖራ ከውሃ ጋር ወደ ላይ ወጥቶ አየር ሲያገኝ ወደ ነጭ ኖራ ድንጋይ ይለወጣል። በግራጫ ወለልም ይኸው ይሆናል፤ በቀይ ላይ ስለሚያስጠላ ነው የሚታየው። መድኃኒቱ ውሃን በልክ ማቡካት፣ አሸዋውን ከደለል ማጠብ፣ ወለሉም አንድ ጊዜ ርጥብ አንድ ጊዜ ደረቅ እንዳይሆን መጠበቅ ነው። በላስቲክ መሸፈንም የማይመከረው ለዚህ ነው፤ ላስቲኩ የነካበትና ያልነካበት ቦታ መልካቸው ይለያያል።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በተስፋፋው የኮሪደር ልማት ሥራ የእግረኛ መንገድ መልክ መነጋገሪያ ሆኗል፤ ሌሎች ከተሞችም የራሳቸውን ጎዳና ለማስዋብ ተነሣስተዋል። ለዚህ ሥራ ገንዘብ የሚመድቡ ሰዎች ሁሉ የናሙናን ዋጋ ቢያውቁ መልካም ነው። 28 ቀን መጠበቅ ያቃተው ሥራ ብዙ ጊዜ በዓመቱ እንደገና ሲሠራ ይታያል።

የሮቢቱ ወለል የፈሰሰው በሦስት ቀን ነው፤ በየቀኑም ከንጋቱ በፊት ተጀምሮ ነፋሱ ሳይነሣ ተፈጸመ። ምድሩ በእርጥበት የሚያብጥና በበጋ የሚሰነጠቅ ዋልካ ስለ ነበር አስቀድሞ ተቆፍሮ ወጥቶ በገረጋንቲ ተተክቶ ነበር። ይህ ወጪ በኮሚቴው ዘንድ ብዙ ያከራከረ ነው፤ ማንም በማያየው አፈር ላይ የመዋጮው አንድ አምስተኛ ገባበት። ሲሚንቶ መሰንጠቁ ስለማይቀር፣ በየ1 ሜትር ተኩሉ ቀጥ ያለ መሰንጠቂያ መሥመር ተሰመረለት፤ መሥመሮቹንም መምህርቷ ከመሶቡ ጠርዝ ጋር እንዲገጥሙ አድርጋ ነድፋቸዋለች። ቅብብሎሹ እንዳይታይ ግንበኛው የየቀኑን ሥራ በመሥመሩ ላይ አቆሙት። ንጣፎቹ በመጨረሻው ቀን ገቡ። ከመቶው ሁለቱ ተሰብረው ስለ ነበር ከናሙና ተተኩ፤ ቀያቸው ከጎረቤቶቻቸው ጥቂት ይጠቁራል።

ወለሉ ዙሪያውን በጭቃ ተከትሮ ለሰባት ቀን ውሃ ቆመበት። ውሃውን ተራ ገብተው ከቦኖ በጀሪካን የቀዱት ወላጆች ናቸው። የክፍሉ ውስጥ ሲደርቅ በተርፔንታይን በሟሟ የማር ሰም ሊወለወል ታስቧል፤ በረንዳው ግን ዝናብ ሲነካው እንዳያዳልጥ ሰም አይነካውም። አሁን ውሃው ተለቅቋል። ቀዩ ገና እርጥብ ስለ ሆነ ከናሙናው ይልቅ ጠቁሮ ይታያል፤ ደርቆ የራሱን መልክ እስኪይዝ ሳምንታት ይቀሩታል። መምህርቷ ናሙናውን ይዛ በየጠዋቱ ከወለሉ ጋር ታስተያየዋለች። ግንበኛው ወደ ሌላ ሥራ ሄደዋል።